ታላቅ እህቴን በዕድሜ ስለ መብለጤ

ለክቡር የጥበቃ ሥራ ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎም፣ ለመላው ቤተሰብዎም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ላለው ቢሮዎም፣ ወደዚያ ለሚያወጣዎት ሊፍትም ጤና እመኛለሁ። ሊፍቱን ከሩቅ አየዋለሁ እንጂ ገብቼበት አላውቅም፤ ለባለጉዳይ እንዳልሆነ በትሕትና ተነግሮኛል። ደረጃውን በተመለከተ ግን የትኛው እርከን እንደተሰነጠቀ፣ የትኛው የድጋፍ ብረት እጅ ላይ ዝገት እንደሚተው ጠንቅቄ አውቃለሁና፣ አንድ ቀን ሊፍቱ ቢበላሽብዎት መንገድ ላሳይዎት ዝግጁ ነኝ። እርስዎስ ደህና ነዎት? እኛ፣ ዕድሜ ለጽሕፈት ቤትዎ፣ ዕድሜ በዕድሜ ሆነናል።

ማን እንደሆንኩ ማስረዳት እንዳልቻልኩ በመሥሪያ ቤትዎ ክብ ማኅተም የተረጋገጠ ስለሆነ፣ ስሜን ጽፌ አላሳስትዎትም። በሥራዬ ይወቁኝ። የሲሚንቶና የብረታ ብረት መጋዘን በር ጠባቂ ነኝ፤ በትክክል ለመናገር፣ እስከዚህ ወር መጨረሻ ድረስ ነኝ። ከበሩ ጎን የመጋዘኑን አጥር ተደግፋ የተሠራች አንዲት ክፍል አለች፤ ጠባቂ ሆኖ የተቀጠረ ይኖርባታል፣ ጠባቂነቱ ሲቀር ይለቅቃታል። እኔና ታላቅ እህቴ የምንኖረው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ ከተከለከልኩ እንጀራዬ ብቻ ሳይሆን ጣሪያዬም አብሮ ይሄዳል። ለራሴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ደጅ አልጠናም ነበር፤ የወንድ ልጅ ማደሪያ አይጠፋም። እትዬ ግን ከጊዜ ወዲህ ብዙ ነገር ስለሚጠፋባት፣ የቀራት እጇ የለመደው ነገር ብቻ ነው። አልጋዋ በየት በኩል እንደሆነ፣ የውሃ ማሰሮው የት እንደተቀመጠ፣ በሩ ወደ ውስጥ እንደሚከፈት እጇ ያውቃል። ከዚያች ክፍል ካወጣኋት እጇም ግራ ይገባዋል ብዬ እፈራለሁ።

ጽሕፈት ቤትዎ ባወጣው መመሪያ መሠረት ማንኛውም ጠባቂ የሥራ ፈቃድ ሊኖረው፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ሁሉ ደግሞ ማንነቱ በመታወቂያ የተረጋገጠና ዕድሜው ከስልሳ ያልዘለለ ሊሆን ይገባል። መልካም መመሪያ ነው። ሽማግሌ ሌባን ሮጦ አይደርስበትም የሚለው ሐሳብ ገብቶኛል፤ ምንም እንኳ እኔ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚሮጥ ሌባ ባላይም። እኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። መታወቂያዬ ግን ስልሳ ሦስት ነህ ይለኛል፤ እናም በመሥሪያ ቤትዎ ከእኔና ከመታወቂያዬ የሚታመነው ማን እንደሆነ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ከዚህ በታች ያሉትን ምስጋናዎች በቁጥር ለይቼ ማቅረቤም የቅሬታ ማቅረቢያው መስኮት ዝግ በመሆኑ ነው።

አንደኛ፦ በቅድሚያ የማመሰግነው መታወቂያ የሰጠኝን መዝጋቢ ነው። በዚያ የምዝገባ ዘመቻ የልደት ማስረጃ የሌለው ሰው ዕድሜው በዓይን እየታየ ይገመትለት ነበር። የእኛ ሰፈር የተጠራበት ቀን መጋዘኑ ሲሚንቶ ሲያራግፍ የዋለበት ቀን ሆነና፣ ተራዬ እንዳያልፈኝ ብዬ ሳልታጠብ ከበሩ ላይ በቀጥታ ሄድኩ። ፀጉሬ፣ ቅንድቤ፣ የዓይኔ ሽፋሽፍት እንኳ ሳይቀር ነጭ ነበር። መዝጋቢው ቀና ብሎ አየኝና ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «አባት፣ አረፍ ይበሉ» እያለ የራሱን ወንበር ለቀቀልኝ። ባለጉዳይ ሆኜ በገባሁበት ቢሮ ሁሉ ወንበር የተለቀቀልኝ በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነውና ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ለዚያች ወንበር አምስት ዓመት እንደተጨመረብኝ ያወቅኩት ካርዱ ታትሞ ሲመጣ ነው።

እትዬ ግን የሄደችው ገላዋን ታጥባ፣ ፀጉሯን ተቀብታ፣ የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊዋን አዲስ ጃኬት ተውሳ ነበር። ያው መዝጋቢ እሷን ሲያይ አልተነሣም፤ ሰባት ዓመት ቀነሰላት። በዚህም መሠረት እኔን አዝላ ያሳደገችኝ ሴት የሦስት ዓመት ታናሼ ሆነች። ያን ጊዜ መሳቃችንን አልደብቅዎትም። ልብስ ሰፊዋ ካርዶቹን ጎን ለጎን ይዛ ስታነብልን እትዬ ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ልትቀልድብኝ ስትፈልግ «ጋሼ» ትለኝ ነበር። «ጋሼ፣ ውሃው ሞቋል፤ ያንን ሲሚንቶ ከራስህ ላይ አራግፍ፣ ማን ያውቃል ታንስ ይሆናል» ትለኝ ነበር። ካርዱ አንድ ቀን እንጀራችን ላይ ይቆማል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

ሁለተኛ፦ ዕድሜዬ እንዲታረም ሳመለክት ከመሥሪያ ቤትዎ መስኮት ሁለት ስላገኘሁት ቀልጣፋ መልስ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። የተወለድኩበት ቀን ክቡር ሆይ፣ የሚታወቅ ቀን ነው። የትውልድ መንደራችንን ወንዝ የሚያሻግረው የእንጨት ድልድይ በጎርፍ የተወሰደ ዕለት ነው። አዋላጇ የምትኖረው ከወንዙ ማዶ ነበር፤ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረችው እትዬ ልትጠራት ሮጣ ወንዙ ዳር ስትደርስ ድልድዩ የለም። በላይ በኩል ዞራ፣ ውሃው ሳሳ ባለበት አቋርጣ፣ አዋላጇን እጇን ይዛ እየጎተተች ስታመጣት እኔ ተወልጄ፣ አልቅሼም ጨርሼ ነበር። በኋላ በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ላይ አሮጌው የፈረሰበት ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ ተቀርጿል፤ ዛሬም በደንብ ይነበባል። ሄጄ ፎቶ አስነሣሁትና ለመስኮት ሁለት አቀረብኩ። መስኮቷ ላይ ያለችው ወይዘሮ በጥሞና ተመልክታ «አባቴ፣ ይሄ እኮ የድልድዩን ዕድሜ ነው የሚያስረዳው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እንዲያውም አዲሱ ድልድይ ገና ስልሳ ስላልሞላው፣ ጥበቃ ልሁን ብሎ ቢያመለክት ያለ ችግር ፈቃድ ያገኛል።

የሚፈለገው፣ ስወለድ የነበረና በካርድ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ ሰው እንደሆነ ተገለጸልኝ። ወላጆቻችን ሞተዋል፤ አዋላጇም ሞታለች፤ ከዚያች ቀን ሰዎች በሕይወት ያለነው እኔና እትዬ ብቻ ነን፤ እኔ ደግሞ ብገኝም ምንም አላስታውስም። የእትዬን ካርድ ይዤ ብሄድ ወይዘሮዋ ገልበጥ አድርጋ አይታ፣ ከእርስዎ በኋላ የተወለደች ሴት እርስዎ ሲወለዱ እንዴት አየች ብላ ጠየቀችኝ። አዝላኛለች ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሳይወለዱ ማዘል እንደማይቻል ነገረችኝ።

ሦስተኛ፦ መፍትሔ ለመፈለግ የተደረገልኝን ትብብር ሳላነሣ ባልፍ ነውር ነው። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ ሆኖብኝ በየጊዜው ስመላለስ ወይዘሮዋ አዘነችልኝና፣ መጀመሪያ የእህትዎን ዕድሜ ያሳርሙ፣ እሷ በካርድ ከእርስዎ ስትበልጥ ያኔ ለእርስዎ ትመሰክራለች አለችኝ። ለእህቴ የሚመሰክር፣ በካርድ ከእሷ የሚበልጥ ዘመድ ከየት አመጣለሁ ብላት «እርስዎ አሉ አይደል እንዴ» አለችኝ። በእርግጥም ነበርኩ። ቀኝ እጄን አንሥቼ፣ ከጎኔ የቆመችው ሴት በዘጠኝ ዓመት የምትበልጠኝ ታላቅ እህቴ ናት ብዬ ማልኩ፤ ተጻፈ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተም ተመታበት። እትዬ የዚያን ቀን መንገዱን ሁሉ «በል እንግዲህ፣ ታላቅህን አክብር» እያለች ስትስቅብኝ ገባን።

ደስታችን ክፍል ስድስት እስኪደርስ ነበር። የክፍል ስድስት ኮሚቴ ነገሩን መርምሮ የሰጠው ውሳኔ፣ ምስክሩ ከባለጉዳይዋ እንደሚያንስ በራሱ አንደበት ያመነ በመሆኑና ምስክር ደግሞ ከባለጉዳይ መብለጥ ያለበት በመሆኑ ምስክርነቱ ውድቅ ሆኗል ይላል። ነገሩ እስኪገባኝ ድረስ ደጋግሜ አስነበብኩት። እውነት ከተናገርኩ ምስክር መሆን አልችልም፤ ምስክር መሆን የምችለው ከዋሸሁ ነው፤ ከዋሸሁ ደግሞ መታሰር አለብኝ። ያነበበችልኝ ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ «ይሄን የጻፈው ሰውዬ ቤት ልጅ ካለ፣ እባክህ አባትየው የትኛው እንደሆነ ጠይቅልኝ» አለች። እኔም እንደ ማሽላ እያረርኩ ሳቅኩ።

ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ ቁጥር ያልሰጠሁት አንድ ምስጋና እዚህ ላይ ይግባልኝ። በእርስዎ መሥሪያ ቤት መግቢያ ላይ የሚፈትሸኝ ባልደረባዬ ፀጉሩ ያለ ሲሚንቶ የነጣ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ ኪሴን ሲዳስስ ጉልበቱ ይንቋቋል፤ ቀና እስኪል እጁን እይዝለታለሁ። አንድ ቀን በጆሮዬ «እኔን አይመለከተኝም፣ መመሪያው የወጣው ለውጪዎቹ ነው» ብሎኛል። ምቀኛ እንዳልሆንኩ ይወቁልኝ። ይህን በማንሣቴ እሱን እንዳይነኩብኝ አደራ እላለሁ፤ ሲፈትሸኝ ስለ ጤናዬ የሚጠይቀኝ በሕንፃው ውስጥ እሱ ብቻ ነው።

አራተኛ፦ ስለ ቀጠሮዎቹ። ኮሚቴው ጭንቀቴን አይቶ፣ በልዩ ሁኔታ፣ የካርዷ ዕድሜ ሳይታይ እትዬን በአካል ለመስማት ፈቀደልኝ። ይህኛው ምስጋና ሽሙጥ የለበትም፤ ቢኖርበትም ትንሽ ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሲስተም የለም ተባልን። ለመስማት ሲስተም ምን ያደርጋል ብዬ አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ ኖሮ የሚመልስልኝም ሲስተሙ በሆነ ነበር። በሁለተኛው ሰብሳቢው ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ ሥልጠና ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ክፍል ስድስት ቀለም እየተቀባ ነው ተባለ፤ እውነት ነበር፣ በሩ ላይ ተደግፌ እጅጌዬ አረንጓዴ ሆኖ ተመለስኩ።

ለእርስዎ ቀጠሮ ማለት ቀን ነው፣ ክቡር ሆይ፤ ለእኛ ግን እያንዳንዱ ቀጠሮ ከእትዬ ራስ ውስጥ አንድ ነገር ይዞ ይሄድ ነበር። በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀን ነገሩ ሁሉ እንደ ትናንት ነበር የሚታያት። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን፣ መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ መጥቶ ቢሮ ለተሳሳተ አንድ ሹፌር፣ ውሃው ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው፣ አዋላጇ ጫማዋን በእጇ ይዛ እንዴት እንደተሻገረች፣ እኔ ምን ያህል አስቀያሚ ሕፃን እንደነበርኩ አጫወተችው። ሹፌሩ አምኗት ሄደ፤ ኮሚቴው ግን አልነበረም። በሁለተኛው ቀጠሮ አዋላጇ ከታሪኩ ወጣች። በሦስተኛው ድልድዩ ለሁለተኛ ጊዜ ሄደ።

እኔም እንደ ተማሪ ላስጠናት ሞከርኩ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሩ ላይ ሲያርፍ ወንበር አውጥቼላት፣ በረንዳው ላይ ሽቦ እየጠቀለልኩ፣ እትዬ ድልድዩ የወደቀ ቀን ምን ሆነ እያልኩ እጠይቃታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምን ድልድይ ትለኛለች። አንድ ቀን ግን ከየት እንደመጣላት እንጃ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሳታስቀር ነገረችኝ፤ ጎርፉን፣ በላይ በኩል መዞሯን፣ የአዋላጇን ጫማ፣ እቤት ስትደርስ የጠበቃትን ሕፃን። ዳንን አልኩ። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና «ግን ያ ሕፃን ምን ደረሰ?» ብላ ጠየቀችኝ። አደገ አልኳት። «እሰይ» አለች። አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባ ነፋና በር ልከፍት ተነሣሁ።

በመጨረሻ ተሰማች። ለኮሚቴው አክብሮት ምስጋና ይገባዋል፤ ወንበር ሰጧት፣ ውሃ አቀረቡላት፣ ሰብሳቢው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እማማ፣ እኚህን ሰው ያውቋቸዋል?» ብለው ጠየቋት። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣሁ የደንብ ልብሴን እንደለበስኩ ነበርኩ። እትዬ ዞር ብላ ከኮፍያዬ እስከ ጫማዬ አየችኝና ፊቷ በራ። «እንዴት አላውቃቸውም! የበሩ ጥበቃ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ውሃ ያሞቁልኛል» አለች። ዕድሜ ልኳን አንተ ስትለኝ የኖረች፣ ስትቀልድ እንኳ ጋሼ ብላ አንተ የምትለኝ እህቴ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንቱ አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ዓይኗን አየሁት፤ ቀልድ አልነበረም። ሰብሳቢው ወንድምዎ አይደሉም ወይ ብለው ቢጠይቋት፣ ወንድሟ ገና ሕፃን መሆኑን ነገረቻቸው።

ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊው ዞሩ። ሰው ናቸውና አዝነዋል፤ እያዘኑም ምስክሯ አመልካቹን አታውቀውም ብለው አስጻፉ። ውሳኔው ለባለ መጋዘኑ በግልባጭ ደረሰው። እሱም ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈቃድ የሌለው ጠባቂ ካስቀመጥኩ መጋዘኔን ያሽጉብኛል፣ እኔ ምን ላድርግ ብሎ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጠኝ። መስኮት ሁለትም ምን ላድርግ ትላለች፣ ሰብሳቢውም ምን ላድርግ ይላሉ፤ ሁሉም ምን ላድርግ የሚልበት ቦታ ላይ እኔ ብቻዬን አንድ ነገር ላደርግ አልችልም። ይግባኝ የሚባለው ለእርስዎ እንደሆነ ተነግሮኛል። እርስዎ ዘንድ ለመቅረብ ግን መታወቂያ በር ላይ አስይዞ ማለፍ ግድ ነው፤ የእኔ መታወቂያ ደግሞ በማጣራት ላይ ነው ተብሎ መስኮት ሁለት ቀርቷል። በልብስ ሰፊዋ እጅ አስጽፌ በጋዜጣ ላቀርብልዎ የተገደድኩት፣ ጋዜጣው ያለ ፍተሻ በሊፍት እንደሚወጣ ስለሰማሁ ነው።

ፈቃዱን እንዲሰጡኝ አልለምንም፤ ልመናው የት የት እንደሚዞር አይቼዋለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቃለ ጉባኤው ይታረምልኝ። አታውቀውም የሚለው ሐሰት ነው። አውቃኛለች፤ ጠባቂ ናቸው ብላለች። በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ በተመላለስኩበት ጊዜ ሁሉ ጠባቂ መሆኔን በአፉ የመሰከረልኝ ሰው ከእሷ በቀር የለም፤ እሱም ሳይጻፍ ቀረ። ልመናዬን እዚህ ላይ ላብቃ።

ክቡር ሆይ፣ ለሰጡን ሁሉ፣ በተለይም ሳንጠይቅ ለጨመሩልን ዓመታት፣ ውለታዎን በምን እንደምንከፍል አናውቅም። ሊፍትዎ አይቁምብዎ፣ ሲስተምዎ አይጥፋብዎ፣ ልጆችዎ በካርድም በጀርባም ታናሾችዎ ሆነው ይኑሩልዎ፤ እርስዎም የሚያውቅዎ ሰው አይጥፋብዎ እያልኩ እሰናበታለሁ።

በካርድ የእህቱ ታላቅ፣ በጀርባዋ ያደገ ታናሿ፣
እስከ ወሩ መጨረሻ የሲሚንቶ መጋዘን በር ጠባቂ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ ደብዳቤው ጋዜጣው ቤት ተራ ሲጠብቅ ወሩ አለቀ። ኮቱን፣ ኮፍያውንና ፊሽካውን አስረክቤአለሁ። አዲሱ ጠባቂ ፈቃድ ያለው፣ ጨዋ ሰው ነው፤ የቀረ ብርድ ልብስ ልወስድ ብመለስ ማንን ፈልገው ነው ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። አሁን ልብስ ሰፊዋ ከሱቋ ጀርባ ለጊዜው አስጠግታናለች። እትዬ ጠዋት ጠዋት በሩን ወደ ውስጥ ልትከፍተው ስትታገል አግኝቼ እከፍትላታለሁ፤ የዚህኛው የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። ያሞቅኩላትን ውሃ ትነካና፣ ከዚያ የደንብ ልብስ ያልለበስኩትን እኔን አየት አድርጋ፣ መንገደኛውን ሁሉ እንደምትጠራው ወንድሜ ብላ፣ ያ ደጉ ጥበቃ የት ሄዱ፣ ምን አጥፍተው ነው ያስወጧቸው እያለች ትጠይቀኛለች። መልሱ ያለው በእርስዎ ዘንድ ስለሆነ በጽሑፍ፣ በማኅተም ተደግፎ ለእሷ እንዲገለጽላት በትሕትና አመለክታለሁ። ብቻ እባክዎ፣ ረጅም ቀጠሮ አይስጡበት፤ ጥበቃውንም ልትረሳው ትችላለች።